የማሽኑ ጆሮ ጠቢ

መሥሪያ ቤቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት ይሸጣል። አምስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ስድስት መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከስድስቱ ሁለቱ ዘወትር ዝግ ናቸው፤ ለምን እንደተዘጉ የሚያውቀው ሰውዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በሦስተኛው መስኮት የምትቀመጠውን ትኬት ሻጭ ግን የማያውቃት የለም። ደንበኛውም ባልደረባውም «ሲስተም የለም» ነው የሚላት። ሰው ገና ጎንበስ ብሎ አፉን ሳይከፍት «ሲስተም የለም!» ትላለችና። አንድ ቀን እናቷ ደውለው «ምሳ በላሽ ወይ?» ሲሏት ይኸው ቃል አምልጧት፣ እናቷ ሲስተም የሚባል አዲስ ምግብ የመጣ መስሏቸው ነበር።

ታሪኩ ግን የእሷ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራው ፕሮግራመር ታሪክ ነው። ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሰው ሲያወራ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ የምትሰማ ሴት ናት። ሰውየው ጨርሶም እንኳ ትንሽ ዝም ትላለች። ብዙ ሰው ያንን ዝምታ ስለማይችለው ያልጠየቀችውን ሁሉ ይዘከዝክላታል። በዚህ ጠባይዋ ከሹፌር እስከ ጸሐፊ የማታውቀው ጉድ አልነበረም፤ ሁሉንም ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፈዋለች።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራታል። የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራሞች በሙሉ የተጻፉት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ኢንጂነር እዚሁ ሕንፃ ውስጥ በፈጠረው ቋንቋ ነው። ዓለም ላይ ስንት የፕሮግራም ቋንቋ እያለ ለምን አዲስ እንደፈጠረ ሲጠየቅ፣ «ያሉት አልተመቹኝም» ብሎ ነበር አሉ። ይህን ቋንቋ ኮምፒውተሩ በቀጥታ አይረዳውም። በመሃል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ማሽን፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ እያነበበ የሚፈጽም። ባለሙያዎች ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። እሷ «ማሽኑ» ብቻ ትለዋለች። ኢንጂነሩ ጡረታ ሲወጣ ማሽኑን አስረከባትና «አትንኪው፣ ይሠራል» ብሏት ሄደ። እሷም አሥራ አራት ዓመት ፕሮግራሞቹን እየጻፈች፣ ማሽኑን ግን ሳትነካ ኖረች።

ከዚያ ማሽኑ መንቀርፈፍ ጀመረ።

ጠዋት ደህና ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ አንድ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ትኬት አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተማርሮ ከሄደ በኋላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነቃል። ምድር ቤት ያለው ሰልፍ ከበሩ ወጥቶ የሕንፃውን ጥግ ዞሮ ከራሱ ጋር ሊገናኝ ይደርሳል። «ሲስተም የለም» በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት መናገር ጀመረች።

መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አቋቋመ። «የፍጥነት አጣሪ ኮሚቴ» ተባለ፤ ሰብሳቢው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነበር። ኮሚቴው አጀንዳ ለማጽደቅ ሦስት ስብሰባ ከፈጀ በኋላ ችግሩ ሙቀት ነው ብሎ ወሰነና ማሽኑ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቬንትሌተር አስገባ። የቬንትሌተሩ ድምፅ የጎረቤቱን ቢሮ ስብሰባ ስለረበሸ ተመልሶ ወጣ። ቀጥሎ ገመድ ነው ተባለና ገመዱ ሁሉ በሰማያዊ ገመድ ተቀየረ። በስተመጨረሻ አንድ አባል፣ ሠራተኞች ቁልፍ ሰሌዳውን እንደ ከበሮ ስለሚደልቁት ማሽኑ እየደነገጠ ይሆናል የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰባ ሁለት ሠራተኛ በሁለት ዙር «ለስላሳ የቁልፍ አመታት» ሠለጠነ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። ማሽኑ እንደነበረ ቀጠለ።

ፕሮግራመሯ በበኩሏ የምታውቀውን ሞከረች። ውስጡ ምን እንደሚደረግ ለማየት በፕሮግራሙ መሃል «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል መሥመር ትጨምርና ማሽኑን አቁማ ታስነሳለች። ለማቆም አምስት ፊርማ ያስፈልጋል። አምስቱን ፊርማ ለቅማ፣ ማሽኑን አቁማ፣ ስታስነሳው ግን በሽታው የለም! እስከ ከሰዓት በኋላ እንደ ፈረስ ይጋልባል። ከዚያ ያገረሻል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገች በኋላ የኮሚቴው አባላት ችግሩ ከእሷ ጋር ነው ብለው መጠርጠር ጀመሩ።

አንድ እሑድ አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀምጣ ስትተክዝ አዩዋት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ መሥመር ሠራተኛ ነበሩ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ፊትሽ ጠቁሯል።»

«ማሽኑ ነው አባዬ። ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ከፍቼ ልየው ብዬ ሳቆመው ይድናል። ትቼው ስሄድ ያመዋል።»

«ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚተወን የጥርስ ሕመም በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጉጠቱን አስቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እኛ እኮ ውሃ የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ውሃውን አንዘጋም ነበር። ከዘጋሽውማ ምን ይፈስሳል? ረጅም ብረት አለን፤ ጫፉን ቫልቩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮሽ ላይ። ውሃው ሥራውን ይሠራል፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ግን ሥሩ ጋ ለመድረስ መንገዱን ሁሉ ማረስ የለብሽም።»

«ቫልቭ ከሌለውስ?»

«ታስቀምጪለታለሻ። ግን ቦታ መርጠሽ ነው። በየሜትሩ ቫልቭ ካስቀመጥሽ እሱ ራሱ ያፈስሳል።»

በማግሥቱ ቢሮ ገብታ አሥራ አራት ዓመት ያልነካችውን የማሽኑን ጽሑፍ ከፈተች። አሳቧ ማሽኑ ሳይቆም፣ በሥራ ላይ እያለ፣ የምትሰማባቸውን ነጥቦች መትከል ነበር። ስድስት ቦታ መረጠች። አንድ ሥራ ሲጀመርና ሲያልቅ፣ ማሽኑ የማስታወሻ ቦታ ሲይዝ፣ ስሕተት ሲፈጠር፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ጽዳት ሲጀመርና ሲያበቃ። ማሽኑ የማይፈልገውን ነገር ጠርጎ የሚጥልበት ቅጽበት አለው፤ ያን ጊዜ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወለል ሲወለወል ሰው በር ላይ ጫማውን ይዞ እንደሚቆም።

የመጀመሪያ ሙከራዋ አሳፋሪ ነበር። በመሞከሪያ ኮምፒውተሯ ላይ ነጥቦቹን ተክላ ስታስነሳው ማሽኑ በሦስት እጥፍ ተንቀራፈፈ። ሁለት ቀን ፈልጋ ምክንያቱን አገኘችው። ነጥቦቿ ሰሚ ይኑር አይኑር ሳይጠይቁ፣ የእያንዳንዱን ሥራ ስምና መሥመር በንጹሕ እየጻፉ ያዘጋጁ ኖሯል፤ ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ማንም ሳያነበው ሦስት ሰው ሲጽፈው እንደሚከርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ በመጀመሪያ «የሚሰማ አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ ከሌለ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አደረገች። ቆይታ ደግሞ ጥያቄውንም አስቀረችው። በነጥቡ ቦታ «ምንም አትሥራ» የምትል ባዶ ትእዛዝ አስቀመጠች፤ ሰሚ ሲመጣ ብቻ ባዶዋ በእውነተኛው ነጥብ ትተካለች፣ ሰሚው ሲሄድ ትመለሳለች። በዚያ መሥሪያ ቤት ምንም ባለመሥራቱ ጥቅም የሰጠ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

አራት ወር ፈጀባት። ፈቃድ ለመጠየቅ ባለ አሥራ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፈች፤ ምክትሉ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጦ ፈረመ። የሕንፃው መብራት ለጥገና ተቋርጦ ማሽኑ በቆመበት ቅዳሜ፣ መብራቱ እንደተመለሰ ነጥብ የተተከለበትን ማሽን አስገባች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሏን ዘግታ ነጥቦቹን ከፈተች። ማሽኑ ሰላም ነው፤ ትኬት ይሸጣል፣ ወንበር ይመድባል። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ የሥራ አስኪያጁ መኪና ግቢ ሲገባ በመስኮቱ አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ስም ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ዘሎ ወጣ፦ «ሁሉንም ቁጠር»። በየሰከንዱ ይጠራል። በተጠራ ቁጥር ማሽኑ ከተሠራ ጀምሮ የተሸጠውን ትኬት ሁሉ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱን፣ አንድ በአንድ ያነብባል፣ የዛሬዎቹን ለይቶ ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሌላውን ሁሉ ይጥላል። ያ ሁሉ ጥራጊ እንዲጸዳ ማሽኑ ይቆማል። ጽዳቱ ሳያልቅ ቀጣዩ ሰከንድ ይደርሳል።

ጠሪው ከየት እንደሆነ ጠየቀች። አምስተኛ ፎቅ፣ የሥራ አስኪያጁ መግቢያ ክፍል።

ደረጃውን ወጣች። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በር የሚያህል ስክሪን ተሰቅሏል። ላዩ ላይ በትልልቅ አረንጓዴ ቁጥር «ዛሬ የተሸጠ ትኬት» ይላል፤ ከሥሩ እንደ መኪና ያለ የፍጥነት መለኪያ መርፌው እየተንቀጠቀጠ «የሲስተማችን ፍጥነት» ይላል።

«ደስ አይልም?» አለቻት ጸሐፊዋ። «አለቃ ሲገቡ እከፍተዋለሁ፣ ሲወጡ አጠፋዋለሁ። ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩታል። ችግሩ አንቺ ማሽኑን አጥፍተሽ ስታበሪ ድርቅ ብሎ ይቀርና ከሰዓት በኋላ ባለሙያ መጥቶ ነው የሚያስነሳልኝ።»

ፕሮግራመሯ ረጅም ጊዜ መርፌውን ስታይ ቆየች። ማሽኑን አንቆ የያዘው፣ የማሽኑን ፍጥነት ሊያሳይ የተሰቀለው ዕቃ ነበር።

ወደ ምክትሉ ሄደች።

«ተገኝቷል» አለችው። «ስክሪኑ ነው።»

«የቱ ስክሪን?»

«የአለቃ።»

ምክትሉ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋ። ትንሽ አሰበና መሳቢያውንም ዘጋ።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።»

«ማንንም አልከሰስኩም እኮ። ሁለት ሦስት መሥመር ብቀይርለት ይድናል። የስክሪኑ ፕሮግራም የአለቃ ቢሮ ስለሆነ ፈቃድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«በቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ነው የማስጽፈው? የሥራ አስኪያጁ ስክሪን ብዬ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም? ኮሚቴው የላከሽ ዓሣ ፍለጋ ነው። ይሄ ዘንዶ ነው፤ ያውም አምስተኛ ፎቅ የሚቀመጥ ዘንዶ!»

እንዲህ ቢልም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በዚያው ሳምንት ለሥራ አስኪያጁ ነገሩን በለሰለሰ መልኩ ነገራቸው፤ ስክሪኑን ትቶ፣ ማሽኑ ላይ ጆሮ የተከለች ሴት አለች አላቸው። ወሬው ከአምስተኛ ፎቅ ምድር ቤት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። እስከ ምሳ ሰዓት ፕሮግራመሯ «ጆሮ ጠቢዋ» የሚል ስም ወጣላት።

ሠራተኛው ተሸበረ። የሂሳብ ክፍሉ አንዱ ባልደረባ መጥቶ፣ ቢሮ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ማሽኑ አይቶት እንደሆነ በጎን ጠየቃት። ሌላው ኮምፒውተሩን በአንገት ልብስ ሸፈነ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጠዋት ስትገባ ኮምፒውተሯን «እንደምን አደርክ» ማለት ጀመረች፤ ይመዘግብልኛል ብላ። «ሲስተም የለም» አራቱን ፎቅ እያለከለከች ወጥታ መጣች።

«እህቴ፣ ይሄ የተከልሽው ነገር እኔን ይሰማኛል?»

«ሰው አይሰማም። ማሽኑ ውስጥ የትኛው ሥራ ስንት ጊዜ እንደወሰደ ብቻ ነው የሚነግረኝ።»

«እና ሲስተሙ እያለ... እንዲያው የለም ያልኩ እንደሆነስ?»

«እሱን አያውቅም።»

«ተመስገን!» አለችና ወደ ደረጃው ዞረች። ሦስት ደረጃ ወርዳ መለስ አለች። «አንዳንዴ ነው ታዲያ!»

ሐሙስ ዕለት ሰርኩላር ወጣ። እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን ማዳመጥ፣ ለማዳመጥ መሞከር፣ ወይም ሌላ ሰው ሲያዳምጥ ቆሞ መመልከት በጥብቅ የተከለከለ ነው። የተተከሉት ነጥቦችም በአስቸኳይ ይነቀሉ።» እሷም ነጥቦቹን ዘጋች። ለመንቀል ግን ማሽኑን ማቆም ያስፈልጋል፤ ለማቆም አምስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ አምስተኛው ፊርማ የሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሰርኩላሩን በፈረሙ ማግሥት «ውጤታማ ክትትል» ለተባለ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሄደዋል። ነጥቦቹ ባሉበት ቀሩ።

እሳቸው ሲሄዱ ጸሐፊዋ ስክሪኑን አጥፍታ በሩን ቆለፈች።

ሁለት ሳምንቱን ሙሉ ማሽኑ በረረ። ሰልፉ ቀለጠ። ሰው አራት ደቂቃ ውስጥ ትኬቱን ይዞ ሲወጣ፣ የተታለለ መስሎት ቆሞ ቀኑን ደጋግሞ ያነብብ ነበር። ጋዜጣና መቀመጫ ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን ሳይገልጥ በመመለሱ ተቆጣ። «ሲስተም የለም» በሦስተኛው ቀን «ቀጣይ!» ስትል በገዛ ድምፅዋ ደነገጠች። ኮሚቴው ተሰብስቦ የለስላሳ ቁልፍ አመታት ሥልጠናው ፍሬ ማፍራቱን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ።

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ተመለሱ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ።

ይኼኔ ሰው ሁሉ ያስተዋለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሳቸው ሲሄዱ ይድናል፣ እሳቸው ሲመጡ ይታመማል። «እግረ ደረቅ ናቸው» ተባለ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በጥቅሻ፣ በኋላ በግልጽ። ጥበቃው እሳቸው በበሩ ሲያልፉ የእጅ ሬዲዮው እንዳይበላሽበት ከወገቡ ፈትቶ ከጀርባው ይደብቅ ጀመር። በአሳንሰር አብሯቸው የሚወጣ ጠፋ፤ እሳቸው ገብተው «ግቡ እንጂ» ሲሉ ሁሉም «በእግር ይሻለናል፣ ለጤና» ይላል። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አክብሮት መስሏቸው ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ ፊታቸውን ትቶ ጫማቸውን እንደሚያይ ገባቸው። በዚያ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ደውለው «እስቲ ለአንድ ሳምንት እቤትህ ሆነህ ሥራ። ለሙከራ ያህል ነው» አሏቸው።

በዚያኑ ቀን ፕሮግራመሯን አስጠሩ።

ሥራ አስኪያጁ ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከረባት ሳያስሩ ፎቶ ተነሥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስትገባ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ይህን ለማንም አያደርጉም። እግራቸውን ጠረጴዛው ሥር ሰብስበው ተቀመጡ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ። እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ። በእግር ታምኛለሽ?»

«የማን እግር?»

«የሰው እግር ነዋ። እግረ ደረቅ፣ እግረ እርጥብ የሚሉት።»

«እኔ የማምነው የለካሁትን ነው» አለች።

«እንግዲያው ለኪኝ!»

«እርስዎን ሳይሆን ማሽኑን ነው የምለካው። ግን ተከልክያለሁ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«እርስዎ።»

ከፋይሏ ውስጥ ሰርኩላሩን አውጥታ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሌላ አገር የተጻፈ ይመስል አነበቡት። «ሰው ሲያዳምጥ ቆሞ መመልከት... ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

«ፊርማው የእርስዎ ነው።»

«ልጄ፣ የተፈረመ ሁሉ ይነበባል እንዴ?» አሉ በእውነተኛ ግርምት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ሚስቴም ሰምታለች። ትላንት ማጠቢያ ማሽኑ ሲቆም... ምንም አላለችም። ግን አየችኝ።»

ልትስቅ ከጅሏት ነበር። እግራቸውን ጠረጴዛው ሥር ይበልጥ ወደ ኋላ ሲደብቁ አይታ ተወችው። ይህ ሰው አራት ወር የደከመችበትን ሥራ በአንድ ፊርማ የዘጋ ሰው መሆኑን አልረሳችም፤ ግን ባልሠራው ጥፋት የሚከሰስ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ከጥቂት ጊዜ በፊት በመስታወት አይታዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ኮሚቴው በአምስተኛ ፎቅ አዳራሽ ተሰበሰበ። በተከፈተው በር ስክሪኑ ይታያል። ነጥቦቹን በሁሉም ፊት ከፈተች፤ ግድግዳው ላይ የሥራዎቹ ስምና የወሰዱት ጊዜ ተዘረዘረ። «ሁሉንም ቁጠር» ከላይ ሆኖ ይንቦገቦጋል።

«አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከግቢው ይውጡ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አምስቱን ፎቅ ወርደው ከዋናው በር ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሁሉም ግድግዳውን አየ። ምንም ለውጥ የለም፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው፣ ማሽኑም እንደተንቀራፈፈ ነው። ተመልሰው ወጡ። አሁን ጸሐፊዋ ስክሪኑን አጠፋች። «ሁሉንም ቁጠር» ከዝርዝሩ ወደቀ፤ ከምድር ቤት «ቀጣይ! ቀጣይ!» የሚል ድምፅ በደረጃው ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመው ቀኝ እግራቸውን አዳራሹ ውስጥ አስገቡ። ምንም። ግራውን አስገቡ። ምንም። ወጥተው እንደገና ገቡ። ሦስተኛ ጊዜ ሊደግሙት ሲሉ ምክትሉ «ይበቃል አለቃ፣ ታይቷል» አላቸው።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔ አይደለሁም! ስክሪኑ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ግን ሁሉም ስክሪኑን ያሰቀለው ማን እንደሆነ ስላስታወሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ማጥናት ጀመረ። ምክትሉ ጉሮሮውን ጠራረገና ለቃለ ጉባኤ ያዡ እንዲህ አስጻፈ፦ «ስክሪኑ ከተሰጠው ኃላፊነት በላይ ሲሠራ ተገኝቷል።»

እሷም በዚያው ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን አስተካከለችው። የሃያ ሁለት ዓመቱን ከመቁጠር ይልቅ አንድ ትኬት በተሸጠ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቁጥር አኖረች፤ በቃ። ስክሪኑ ከነመርፌው በቦታው ቀረ። ኮሚቴው በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫ ተሸለመ፤ ለእሷ ከሥልጠናው የተረፈ የምስክር ወረቀት ላይ ስሟ ተጽፎ ተሰጣት፤ በለስላሳ ቁልፍ አመታት ላሳየችው ብቃት ይላል። ሰርኩላሩ አልተሻረም። ለመሻር ስሕተት ነበር ማለት ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ የሚጽፍ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ማሽኑን ማዳመጥ እስከ ዛሬ ክልክል ነው፤ የየክፍሉ ኃላፊም በየሳምንቱ በሯን ቀስ ብሎ ከፍቶ «የእኔን ደግሞ እስቲ አዳምጪልኝ» ይላታል።

ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት ነጥቦቹን ከፍታ ስታይ፣ «ሁሉንም ቁጠር» ከላይ ሲነሣ ከሥሩ የነበረው ስም ከፍ ብሎ ወጥቷል። «ወንበር አዛምድ»። ለአንድ መንገደኛ አንድ ወንበር ለመፈለግ የሁሉንም አውቶቡስ ወንበር የሚያስስ ሥራ ነበር። ማን እንደጻፈው ማየት አላስፈለጋትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሷ ጽፋዋለች፤ እንዲያውም ከጻፈችው ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነበር።

አምስት ቀን ለማንም አልተናገረችም። ነጥቦቹን እየከፈተች ታያለች፣ ትዘጋለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስሙን ከዝርዝሩ እንዳይታይ ማድረግ ስንት መሥመር እንደሚፈጅ ስታስብ ራሷን ያዘች። ምክትሉ መሳቢያውን የዘጋበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባት። በስድስተኛው ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

«አንድ ሌላ ጥፋት አለ» አለች። «እሱ የእኔ ነው።»

ኮሚቴው በተቋቋመ በሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግ መመሪያው ላይም የለም።

«የአንቺ ስትይ... የክፍልሽ ማለትሽ ነው?» አለ ምክትሉ ሊያግዛት።

«የእኔ። ብቻዬን ነው የጻፍኩት። እስከ ሐሙስ አስተካክለዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜን ጻፉት።»

«ስም እኮ አንጽፍም።» ምክትሉ ግንባሩን ጠረገ። «ዛሬ የአንቺ ከተጻፈ ነገ የሁላችንም ይጻፋል። አታስቸግሪን።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን እንደያዘ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያል። በመጨረሻ «አንዲት ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። እሷ እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብላ ሁለቱን ቃላት ሰረዘች፣ ከላያቸው ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈች፣ እስክሪብቶውን መለሰችና ወደ ክፍሏ ወረደች።

ቅዳሜ እቤቷ ምሳ ላይ አባቷ «የማሽንሽ ነገር ተገኘ?» ብለው ጠየቁ።

«ተገኘ። ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ።»

አባቷ መጀመሪያ አልገባቸውም። አስረዳቻቸው። ሲገባቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«አንድ ጊዜ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ግማሽ መንገድ አስቆፈርኩ። አሥር ሰው፣ ሁለት ሳምንት። ስደርስበት ያፈሰሰው እኔው ራሴ የገጠምኩት መገጣጠሚያ ነበር።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ? አጥብቄው፣ አፈር አልብሼው ሄድኩ።» ውሃ ጠጡ። «ሠላሳ ዓመት አለፈው። የምነግራት የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ።»